የትኛው በሽታ ይጠና? ተራውንስ ማን ያውጣ?

በወላይታና በጎጃም ቀይ አፈር ባለባቸው ቀበሌዎች ዝሆኔን የማያውቅ ሰው አይገኝም። እግር ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። ሲነሳበት ደግሞ ትኩሳቱ ገበሬውን በእርሻ ወቅት አልጋ ላይ ይጥላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የዚህ ዓይነቱ ዝሆኔ መንስኤ ትንኝ ሳትሆን በባዶ እግር የሚረገጠው ቀይ አፈር መሆኑን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሳዩት በ1970ዎቹ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2011 ነው።

ይህን ያህል ዓመት የዘገየው ሳይንሱ ከብዶ አይደለም። ይህ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ሩቅ ያለውን አያስፈራም። ቶሎ አይገድልም፤ ሞት ብቻ በሚቆጠርበት ሠንጠረዥ ግርጌ ላይ ይቀራል። መከላከያው ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ስለሆነም የመድኃኒት ኩባንያ የሚያተርፍበት ነገር የለም። የሚታመመው ደግሞ ጫማ መግዛት ያቃተው ገበሬ ነው፤ የምርምር ገንዘብ ሲደለደል አብሮ አይቀመጥም።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በ1990 አንድ ዓለም አቀፍ የጤና ምርምር ኮሚሽን ሒሳቡን ሲያወጣ፣ በ1986 ለጤና ምርምር ከወጣው 30 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በታዳጊ አገሮች ችግር ላይ የዋለው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ኮሚሽኑ እያንዳንዱ አገር የራሱን የምርምር ቅደም ተከተል እንዲያወጣ፣ ከጤና ወጪውም ቢያንስ 2 በመቶውን ለምርምር እንዲመድብ መከረ። የመጀመሪያው ምክር ያለ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ገንዘቡ ከውጭ ከመጣ ጥያቄውም አብሮት ይመጣልና።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ይህን በሕይወታቸው አይተውታል። በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ግኝቱ የአገር ነበር፤ የእንዶድን መርዛማነት ዓለም በሚቀበለው ደረጃ የሚመረምር ላቦራቶሪ ግን በአገር ውስጥ አልነበረም፣ ሥራውም ለብዙ ዓመታት ተጓተተ።

የውጭ ገንዘብ ሁሉ አይጎዳም፤ አዲስ አበባ ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ራሱ ለሥጋ ደዌ ጥናት የተቋቋመው በኖርዌይና በስዊድን እርዳታ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የሕመምተኛው ቤተሰብ የሚጠይቀው ጥያቄ ተራ ማግኘቱ ነው። በወላይታ ዝሆኔ «በዘር ነው» እየተባለ ስንት ትዳር ፈርሷል! በ2012 የታተመ የዚያው አካባቢ ጥናት ተጋላጭነቱ በእርግጥም በዘር የሚወርድ መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ልጅ በሽታውን መከላከል ይችላል። ይህ ለሙሽራዋ እናት እንዴት ይነገራታል? እሱም ራሱን የቻለ ምርምር ነው።