አጭር የእንጨት ቀስት፦ አሠራሩ፣ አጠቃቀሙና ሕጋዊ ወሰኑ

ቀስት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ለአደን፣ ሰብልን ከአውሬ ለመከላከልና ለባህላዊ ክዋኔ ሲያገለግል የቆየ መሣሪያ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖረው የጉሙዝ ማኅበረሰብ ዘንድ ቀስትና ፍላጻ እስከ ዛሬ ድረስ የማንነት መገለጫ ሆነው ይታያሉ። በአሁኑ ጊዜ የቀስትን አሠራር ለመማር የሚፈልጉ የባህል ቡድኖች፣ የዕደ ጥበብ ባለሙያዎችና ወጣቶች አሉ። ይህ ጽሑፍ በቅርብ ርቀት ለማደን የሚያገለግለው አጭር የእንጨት ቀስት እንዴት እንደሚሠራ፣ ሠሪው ከምን አደጋ መጠንቀቅ እንዳለበትና ቀስቱን ለአደን ከማዋል በፊት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ያብራራል።

የአጭር ቀስት ጠባይ

አጭር ቀስት የሚባለው ርዝመቱ ከ110 እስከ 125 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ይኸውም ሁለት ክንድ ተኩል ገደማ የሆነ ቀስት ነው። ጥጥ ከሚነደፍበት ደጋን ጋር በቅርጽ ይመሳሰላል። ይሁን እንጂ ደጋኑ የሚሠራው በአውታሩ ንዝረት ሲሆን፣ ቀስት ግን ኃይሉን የሚያገኘው ከእንጨቱ መለመጥና ተመልሶ መቃናት ነው።

የቀስቱ ማጠር በቁጥቋጦ መካከል ለመንቀሳቀስና ተንበርክኮ ለመወርወር ያመቻል። በአንጻሩ አጭር እንጨት ብዙ ሊለመጥ ስለማይችል አውታሩ የሚሳበው አንድ ክንድ ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ቢሳብ እንጨቱ ሊሰበር ይችላል። በዚህም ምክንያት አጭር ቀስት ከ10 እስከ 15 ሜትር ባለው ርቀት እንጂ ከሩቅ አይታመንም። ፍላጻ እንስሳን የሚጥለው እንደ ጥይት በመምታት ኃይል ሳይሆን በስለቱ ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው። ስለዚህ ከአቅም በላይ ከሆነ ርቀት የሚወረወር ፍላጻ እንስሳውን አቁስሎ ለረጅም ሥቃይ ይዳርገዋል።

የእንጨት መረጣና አደራረቅ

ለቀስት የሚሆን እንጨት ጠንካራ፣ ተለማጭ፣ ቀጥ ያለና ጉጥ የሌለበት መሆን አለበት። የሌንቋጣ ዝርያ የሆኑ ቁጥቋጦዎች እንጨት በምሥራቅ አፍሪካ አዳኝ ማኅበረሰቦች ዘንድ ለዚህ ሥራ ይመረጣል። ባሕር ዛፍ በቀላሉ የሚገኝ ቢሆንም ሲደርቅ የመጠማዘዝና የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ጥንቃቄ ይጠይቃል። እንጨቱ ከግል ይዞታ ውጭ የሚቆረጥ ከሆነ አስቀድሞ በአካባቢው የደን ጉዳይ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

የተቆረጠው እንጨት በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ቅርፊቱም ይላጣል። ጫፎቹ ከመሐሉ ቀድመው ደርቀው እንዳይሰነጠቁ ሰም ወይም ቀለም ይቀባሉ። ከዚያም አየር በሚያገኝ ጥላ ሥር ለጥቂት ወራት ይቀመጣል። መድረቁን ለማወቅ በየሳምንቱ በሚዛን መመዘን ይጠቅማል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ለሥራ ደርሷል ማለት ነው። እርጥብ እንጨት ቶሎ ጎብጦ ስለሚቀር ፍላጻውን የሚወረውርበት ኃይል አይኖረውም።

ቅርጽ ማውጣት

የቀስት ሁለት ገጾች በሚገባ መለየት አለባቸው። ወደ ዒላማው የሚዞረው ገጽ ጀርባ፣ ወደ ተኳሹ የሚዞረው ሆድ ይባላል። ቀስቱ ሲሳብ ጀርባው ይወጠራል፣ ሆዱ ይጨመቃል። ስለዚህ ከቅርፊቱ ሥር ያለው የእንጨቱ የላይኛው ንጣፍ ጀርባ ይሆናል፤ በመጥረቢያም ሆነ በሞረድ ፈጽሞ አይነካም። በጀርባው ላይ የእንጨቱ ቃጫ ከተቆረጠ ስብራቱ የሚጀምረው ከዚያ ቦታ ነው። የሚጠረበው ሆዱና ጎንና ጎኑ ብቻ ነው።

በመካከሉ አንድ ጭብጥ የሚያህል መያዣ ወፈር ተደርጎ ይተዋል። ከመያዣው ግራና ቀኝ ያሉት ክንፎች በመነሻቸው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ኖሯቸው ወደ ጫፍ ሲሄዱ እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር እየጠበቡ ይሄዳሉ። ውፍረታቸውም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በሁለቱም ጫፎች አውታሩ የሚያርፍባቸው ጥርሶች በጎን በኩል ይወጣሉ።

ክንፎችን ማመጣጠን

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ደረጃ ነው። ቀስቱ መያዣው ላይ በግድግዳ ችካል ይደገፋል፤ ከዚያም በረዘም ያለ ገመድ ወደ ታች በጥቂቱ ይሳባል። ሠሪው ራቅ ብሎ ሁለቱ ክንፎች እኩል መለመጣቸውን ይመለከታል። ግትር ከሆነው ቦታ ብቻ በሞረድ ጥቂት ይፋቃል፤ ከመጠን በላይ ከሚጎብጠው ቦታ ግን ምንም አይነሣም። ከእያንዳንዱ ፍቀት በኋላ ቀስቱ ብዙ ጊዜ በዝግታ እየተሳበ ለውጡ ይታያል፤ አሳሳቡም በየጊዜው በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል።

ከእንጨቱ ላይ አንድ ጊዜ የተነሣ አይመለስም። ብዙ ቀስቶች የሚበላሹት በዚህ ደረጃ ላይ በሚታይ ችኮላ ነው። የመሰንጠቅ ድምፅ ከተሰማ ወይም በጀርባው ላይ የተነሣ ስንጣሪ ከታየ ሥራውን ማቆም ይገባል፤ በውጥረት ላይ ሳለ የሚሰበር እንጨት ፊትንና ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

አውታርና ፍላጻ

አውታር ከተገመደ የከብት ጅማት፣ ከጥሩ ቃጫ ወይም ከማይለጠጥ ሰው ሠራሽ ክር ይዘጋጃል። ናይለን በጣም ስለሚለጠጥ አይመረጥም። አውታሩ ሲታሰር ከመያዣው ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ቀስቱ በብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ እርጥበት እንዳይገባው ዘይት ወይም ሰም ይቀባል።

ለፍላጻ ቀጥ ያለና የደረቀ መቃ ይመረጣል፤ የጎበጠው በእሳት ወላፈን ሞቆ ይቃናል። ርዝመቱ ቀስቱ ከሚሳብበት ልክ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይገባል። ከኋላው ከአንድ ወገን ክንፍ የተገኙ ሦስት ላባዎች ይታሰሩበታል፤ የግራና የቀኝ ክንፍ ላባ ከተቀላቀለ ፍላጻው በትክክል አይሄድም።

የደኅንነት ጥንቃቄ

• ፍላጻ ሳይኖር አውታርን ስቦ መልቀቅ ቀስቱን ስለሚሰብር ክልክል ነው።
• ከመጠቀም በኋላ አውታሩ መፈታት አለበት፤ ካልሆነ እንጨቱ ጎብጦ ይቀራል።
• ልምምድ የሚደረገው በገለባ ክምር ወይም በአፈር ግድብ ፊት፣ ሰውና ከብት በማያልፍበት ቦታ ነው።
• ፍላጻን መርዝ መቀባት ለሰውም ለከብትም ለሞት የሚያደርስ አደጋ ስለሚያስከትል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ለአደን የሚያስፈልግ ፈቃድ

ቀስት ሠርቶ በእጅ መያዝ ለማደን መብት አይሰጥም። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ የሚጥሰውንም በገንዘብና በእስራት ያስቀጣል። ድርጊቱ በጠመንጃም ተፈጸመ በቀስት፣ ያለ ፈቃድ እስከሆነ ድረስ ሕገ ወጥ ነው። እንደ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ያሉ ብርቅዬ እንስሳት ደግሞ ልዩ ጥበቃ የሚደረግላቸው ናቸው። አንድ ዝርያ ከጠፋ ምንም ዓይነት መቀጮ አይመልሰውም። ስለሆነም ማደን የሚፈልግ ሰው ከማንኛውም ዝግጅት በፊት ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በክልሉ ሥልጣን ከተሰጠው መሥሪያ ቤት መረጃና ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።

ዕውቀቱን ስለማቆየት

ለማያድን ሰውም ቢሆን የቀስት ሥራ ዋጋ አለው። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1998 ዓ.ም. ያጸደቀች ሲሆን፣ ባህላዊ የዕደ ጥበብ ዕውቀትም በዚህ ጥበቃ ሥር ይካተታል። እንጨት የመምረጥና ክንፍ የማመጣጠን ጥበብ በአብዛኛው በጽሑፍ ሳይሆን በአዛውንቶች እጅና ዓይን ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ ባለሙያው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። በአካባቢያቸው ቀስት የሚሠሩ አባቶች መኖራቸውን የሚያውቁ ዜጎች ለወረዳቸው የባህል ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቁ፣ ዕውቀቱ ሳይጠፋ ተመዝግቦ ለትውልድ እንዲተላለፍ ይረዳሉ።