የውሻና የድመት ቆዳ በሽታ፤ የሆርሞንና የምግብ ድርሻ

የውሻና የድመት ቆዳ ሁልጊዜ ይታደሳል። የላይኛው ሽፋን ሕዋሳት ከሥር ተፈጥረው ወደ ላይ እየተገፉ በሦስት ሳምንት ገደማ ይረግፋሉ፤ ፀጉርም አድጎና አርፎ ሲረግፍ በአዲስ ይተካል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ከምግብ ይገኛል፤ መቼ ማደግ፣ መቼ ማረፍ እንዳለበት የሚያዘው ደግሞ ሆርሞን ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲዛባ ጉዳቱ ከቆዳ ላይ ይነበባል።

በቆዳ በሽታ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ቁንጫ፣ እከክና ጭርት ናቸው፤ ከሁሉ በላይ የተለመዱት እነርሱ ስለሆኑ ትክክል ነው። እነርሱ ታክመው ቆዳው ካልዳነ ግን ምክንያቱን ከውስጥ መፈለግ ይገባል።

የሆርሞን ችግር የራሱ መለያ አለው። ፀጉሩ በግራና በቀኝ ጎን እኩል ይሳሳል፤ ራስና እግር አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ፤ እንስሳውንም አያሳክከውም። ማሳከክ ከጀመረ ብዙ ጊዜ በተዳከመው ቆዳ ላይ ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ተደርቦበታል።

በውሾች ላይ ከሚታወቁት የሆርሞን በሽታዎች አንዱ አንገት ላይ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ መዳከም ነው። የሰውነት መከላከያ ዕጢውን ሲያጠቃው ወይም ዕጢው በራሱ ሲከስም የሚመጣ ሲሆን በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ውሾችን፣ በተለይም እንደ ጎልደን ሪትሪቨርና ዶበርማን ያሉ ዝርያዎችን ያጠቃል። የፀጉር ሥር ከዕረፍት ነቅቶ አዲስ ፀጉር እንዲያበቅል የታይሮይድ ሆርሞን ያስፈልገዋል። ሆርሞኑ ሲያንስ የረገፈው ፀጉር አይተካም፤ ጅራቱ ተራቁቶ የአይጥ ጅራት ይመስላል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይጠቁራል። ውሻው ምግብ ሳይጨምር ይወፍራል፣ ይደክመዋል፣ ብርድ አይችልም። በሽታው በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ይሁን እንጂ ሌሎች ሕመሞችም የዚህን ሆርሞን መጠን ስለሚያወርዱ አንድ ውጤት ብቻውን አይበቃም። ሕክምናው ዕድሜ ልክ የሚሰጥ ሌቮታይሮክሲን የተባለ ምትክ ሆርሞን ነው። ጉልበቱ ቶሎ ይመለሳል፤ ፀጉሩ ግን ወራት ይወስድበታል።

ሁለተኛው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን መብዛት ሲሆን የኩሺንግ በሽታ ይባላል። በራሱ ከሚነሣው ውስጥ 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው መነሻው አንጎል ሥር ባለው የፒቱታሪ ዕጢ ላይ የሚወጣ ዕባጭ ነው፤ የቀረው ከኩላሊት አጠገብ ካለው የአድሬናል ዕጢ ይመጣል። የታመመው ውሻ ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ አይጠግብም። ሆዱ ይንዘረጠጣል፤ ቆዳው ስለሚሳሳ የደም ሥሮቹ ይታያሉ፤ ቁስሉም አይድንለትም።

ይህንኑ በሽታ ሰው ራሱ በመድኃኒት ሊያመጣው ይችላል። እንደ ኮርቲሶል የሚሠሩት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ማሳከክን በፍጥነት ስለሚያስታግሱ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይደጋገማሉ። ለወራት ሲሰጡ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ፀጉሩን ያረግፋሉ፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። የሚቀባውም ቢሆን በቆዳ ሰርጎ ወይም ተልሶ ወደ ሰውነት ይገባል። የእንስሳው የራሱ ዕጢ ሥራ ስለሚፈታ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት አደገኛ ነው፤ መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት።

የወሲብ ሆርሞንም ድርሻ አለው። ወደ ታች ሳይወርድ ሆድ ውስጥ የቀረ የወንድ ውሻ ቆለጥ ዕባጭ ሊያወጣና የሴት ሆርሞን ሊያመነጭ ይችላል። ያን ጊዜ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ጡቱ ይተልቃል፤ ሲከፋም የአጥንት መቅኒው ደም ማምረት ያቅተዋል። መፍትሔው ቆለጡን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው።

ድመት ከዚህ ትለያለች። ሆዷና ጭኗ ሲራቆት ቀድሞ በሆርሞን ይሳበብ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ድመቷ በቁንጫ ወይም በአለርጂ እያሳከካት ራሷ እየላሰች የምታነሣው ፀጉር መሆኑ ኋላ ተረጋግጧል። በአረጁ ድመቶች የሚበዛው የታይሮይድ ሆርሞን መትረፍረፍ ነው፤ እየበላች ትከሳለች፣ ፀጉሯም ይጎሳቆላል።

ወደ ምግብ ስንመጣ፣ ፀጉር በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ሲያንስ ፀጉሩ ይቀጥናል፣ ይሰባበራል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። ታይሮሲንና ፌኒላላኒን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ያነሷት ጥቁር ድመት ፀጉሯ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ቅባት ሲጎድል ደግሞ ቆዳው ይደርቃል፣ ፎረፎር ያወጣል። ድመት በተጨማሪ ከእንስሳት ብቻ የሚገኘውን አራኪዶኒክ አሲድ ትፈልጋለች፤ የካሮትን ወይም የጎመንን ቀለም ወደ ቫይታሚን ኤ መቀየርም አትችልም። ስለዚህ በጾም ወራት የቤቱ ማዕድ ከሥጋና ከወተት ሲርቅ፣ ለድመቷ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል ለብቻ ሊዘጋጅላት ይገባል።

ዚንክ ሲያንስ በዓይንና በአፍ ዙሪያ እንዲሁም በመዳፍ ላይ ወፍራም ቅርፊት ይወጣል። ሳይቤሪያን ሃስኪና አላስካን ማላሙት ዚንክን ከአንጀት መምጠጥ ያዳግታቸዋል። በሌሎች ዘንድ ችግሩ የሚታየው ፈጥነው በሚያድጉ ቡችሎች ነው፤ እህል የበዛበት ምግብ ፊቴት የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው፣ ከልክ ያለፈ ካልሲየምም እንዲሁ፣ ዚንኩ እንዳይመጠጥ ያግዳሉ። ትርፍራፊ እንጀራና ዳቦ ብቻ እየበላ የሚያድግ ቡችላ ለዚህ የተጋለጠ ነው።

መብዛትም ይጎዳል። በየቀኑ ጉበት የምትመገብ ድመት በቫይታሚን ኤ ብዛት የአንገት አጥንቶቿ ሊጣበቁ ይችላሉ። ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መስጠት ደግሞ ወደ ሰው የሚተላለፍ የትል በሽታ ስለሚያስከትል ቀቅሎ መስጠት ግድ ነው።

የምግብ አለርጂ ከእጥረት የተለየ ነው። ወቅት ሳይለይ ያሳክካል፤ በውሻ ጆሮን፣ መዳፍንና ሆድን፣ በድመት ደግሞ ፊትንና አንገትን ያጠቃል። ብዙ ጊዜ መንሥኤው የበሬ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮ ወይም ዓሣ ነው። እርግጠኛው መለያ እንስሳው በልቶት የማያውቀውን ፕሮቲን ብቻ ለስምንት ሳምንት መመገብ ነው፤ ከተሻለው በኋላ የቀድሞው ምግብ ሲመለስለት ሕመሙ ካገረሸ ምክንያቱ ተገኝቷል።

ምርመራው በቅደም ተከተል ሲሄድ ገንዘብም ጊዜም ያተርፋል። መጀመሪያ ቆዳው ተፍቆ ለተባይና ለፈንገስ ይመረመራል፤ ቀጥሎ እንስሳው የሚበላው ሁሉ ይጠየቃል፤ ከዚያ የደምና የሽንት ምርመራ፣ በመጨረሻም የሆርሞን ልኬት ይከተላል። ባለቤቱ እንስሳው የሚጠጣውን ውኃ፣ ክብደቱን፣ ፀጉሩ መርገፍ የጀመረበትን ቦታና የተሰጠውን መድኃኒት ሁሉ መዝግቦ ቢያቀርብ ለሐኪሙ መንገዱ ግማሽ ያህል ያጥርለታል።