እርዳታው በሬው ሳይሸጥ ይድረስ

የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ ምን አስተማረን? ገበሬው እህሉ ሲያልቅ ፍየሉን፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻም የእርሻ በሬውን ሸጠ። ዝናቡ ሲመጣ የሚያርስበት አጣ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. ነው።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ሴፍቲኔት ተጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በየዓመቱ ቀለብ ለሚያጥረው ቤተሰብ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጣል። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ አቅመ ደካማው ሳይሠራ ይቀበላል። ዓላማው ጥሪት እንዳይሸጥ ነው።

ስለዚህ ገበሬዎች ሆይ! ተረጂ ሲመረጥ ከቀበሌው ስብሰባ አትቅሩ። የተረሳ ጎረቤት ካለ ተናገሩ። ከመፈረማችሁ በፊት የተጻፈውን ብር አንብቡ፤ ማንበብ ያልቻለ ልጁን ያስነብብ። ዘግይቶ የመጣ እህል ነፍስ ያተርፍ ይሆናል፤ የተሸጠ በሬ ግን አይመልስም።