ከመዝገብ ቤት የተኛ ማስጠንቀቂያ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ተራራው ተንዶ ቤተ ሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያድን ቢሮጥ ሁለተኛው ናዳ አዳኞቹንም ጨመረ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደግነት ብቻውን አያድንም፤ ዝናብ የጠገበ ዳገት ዳግመኛ ሊናድ እንደሚችል የሚያስረዳ ድምፅ ያሻል።

በዛሬዋ ባንግላዴሽ በ1970 እ.ኤ.አ. አውሎ ነፋስ 300 ሺህ የሚያህል ሕዝብ ፈጀ። ነፋሱ መምጣቱ ታውቆ ነበር፤ ወሬው ግን ለብዙው ባላገር በሚገባ አልደረሰም። ከ1972 ጀምሮ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው፥ ባንዲራ እየሰቀሉ፥ በድምፅ ማጉያ እየጮኹ ሕዝቡን ወደ መጠለያ ይመሩ ጀመር። በ2007 ብርቱው ሲድር ሲመጣ ሙታኑ 3 ሺህ 400 ያህል ሆኑ።

እንግዲህ ወጣቱ ሹም ሆይ፥ የአየር ጠባይ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ከተኛ ማስጠንቀቂያ አይባልም። ጥሩንባውን ማን እንደሚነፋ፥ ሕዝቡም ወዴት እንደሚሸሽ ክረምት ሳይገባ መወሰን ያንተ ሥራ ነው።