የባሕር ዳር ሜዳና ታላላቆቹ እንግዶች

ባለፈው ሰሞን በጣና ዳር፣ የተጠበሰ ዓሣ ከሚቀርብባቸው ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ሳለን፣ አጠገባችን የነበሩ ሁለት ወጣቶች ክርክር ገጠሙ። አንደኛው ተማሪ፣ ሁለተኛው በቅርቡ ሥራ የያዘ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ነገሩም «ብሔራዊ ቡድናችን በባሕር ዳር ሜዳ ታላላቆችን ይረታል ወይስ አይረታም?» የሚል ነበር። ዓሣው ቀዘቀዘ፤ እነርሱ ግን አልተስማሙም። እኛም ዝም ብለን ማለፍ ስላልሆነልን ውጤቱን መመርመር ያዝን።

ተማሪው የሚመካበት አላጣም። ሁለት ጊዜ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳ የነበረችው ኮትዲቯር ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደዚህ መጥታ 2 ለ 1 ተሸንፋ ሄዳለች። ቀድማ ያገባችው እርስዋ ነበረች፤ ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገ፣ ሽመልስ በቀለ ደግሞ የድሉን ጎል ጨመረ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካር 4 ለ 0 ተሸኘች።

«ሌሶቶንስ ወዴት ጣልካት?» አለው ሠራተኛው። እውነቱን ነው። ከኮትዲቯር ድል በፊት ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በዚያው ሜዳ ሌሶቶን ማሸነፍ አቅቶን 0 ለ 0 ወጥተናል። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ረታችን።

በእኛ አስተያየት ድልን መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱ ድል ምን እንዳስገኘ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቡድናችን በዚያ ማጣሪያ ከሜዳው ውጭ ያደረጋቸውን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፏል። ያገኘው 9 ነጥብ ሁሉ የአገር ቤት ነው፤ 3ቱ ኒጀር በተረታችበት በአዲስ አበባ፣ 6ቱ በባሕር ዳር። ማዳጋስካር 8 ነጥብ ይዛ ቀረች። እንግዲህ በ2014 ዓ.ም. ወደ ካሜሩን የተጓዝነው በአንድ ነጥብ ብልጫ ነው! ከሁለቱ የባሕር ዳር ድሎች አንዱ እንኳ ቢጐድል ያ ጉዞ አይኖርም ነበር።

የከተማው ሰው ምክንያቱን ለአየሩ ይሰጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ትገኛለችና እንግዳው ቶሎ ይደክማል ይላሉ። ይህን በቀላሉ አንቀበልም፤ ሌሶቶና ደቡብ አፍሪካም የተጫወቱት በዚሁ አየር ነውና።

ሜዳው ደረጃውን አላሟላም ተብሎ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከታገደ በኋላ፣ ቡድናችን ከጋና ጋር «በሜዳው» የተጋጠመው ጆሃንስበርግ ላይ ነው፤ 1 ለ 1 ወጡ። ግብፅን የተቀበለው ደግሞ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነበር። ሊሎንግዌ ከባሕር ዳር በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ደጋፊያችንም እዚያ ጥቂት ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው ግብፅ 2 ለ 0 ተሸነፈች። መሐመድ ሳላህ አልተሰለፈም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ሆኖም በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ከረታናት ከዚያች ግብፅ ጋር የተደረገ ጨዋታ ነውና፣ ድሉን ቀላል የሚለው አይገኝም።

ሠራተኛው ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሣ፣ ተማሪው «እሺ፣ ሊሎንግዌን ከየትኛው እንቁጠረው?» ሲል ጠየቀው። እርሱም ጥቂት አሰበና ተመልሶ ተቀመጠ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው «በሜዳችን» ተብሎ ነው።