አልወፈረም፣ አብጦ ነው

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ፊደል ብስት እለፉኝ።

ዛሬ ከሰዓት አንዲት እናት የእህቷን ልጅ ልታስከትብ ስትመጣ የራሷንም አዝላው መጣች። ታሞባት አይደለም፤ ልታሳየኝ ነው። "ሲስተር፣ እዪልኝ እስቲ እንዴት እንዳማረበት!" አለችኝ። ልጁ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ጉንጩ ሞልቷል፣ እግሩም ድንቡሽቡሽ ብሏል። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ጸጉሩን ነው፤ ሳስቶ ወደ ቀይነት ሄዷል። እንደ እኩዮቹ እስክሪብቶ አልቀማኝም፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ሁለቱን እግሮቹን ከላይ በኩል በአውራ ጣቴ ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኜ ለቀቅኳቸው። ጎድጉደው ቀሩ፣ ሁለቱም።

"ምን ትመግቢዋለሽ?"

"ቡላ ነዋ! ጧት ቡላ፣ ማታ ቡላ። እህቴ ከአዲስ አበባ ቪዲዮ ልካልኝ ነው፤ ያወፍራል ብለው።"

ይኸው ነው ያናደደኝ። ከሷ ጋር ጠብ የለኝም፤ ያላትን ሁሉ ነው የሰጠችው። ያናደደኝ ስልክ ደግኖ "ቡላ ለልጅዎ" እያለ የሚሰብከው ሁሉ ነው። አንድ ቀን እንኳ ያበጠ የሕፃን እግር ነክቶ አያውቅም።

በሽታው ክዋሺዮርኮር ይባላል። ስሙን ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀችው ሲስሊ ዊሊያምስ የምትባል ሐኪም ናት፤ በዛሬዋ ጋና ስትሠራ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.)። ቃሉ የአገሬው የጋ ሕዝብ ነው፤ ታናሽ ሲወለድ ከጡት የተነሳውን ልጅ የሚይዝ በሽታ እንደማለት። እሷ ያየቻቸው ልጆች የሚበሉት የበቆሎ ገንፎ ነበር። እኛ ጋ በበቆሎው ፈንታ ቡላ ገባ፤ ልጁ ያው ነው፣ እግሩም ያው ነው። የፕሮቲን እጥረት ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለበት በሚለው ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ። ይከራከሩ። ሆዱን ገንፎ ብቻ እየሞላ የሚያድር ልጅ ሊያብጥ እንደሚችል ግን ማንም አይከራከርም።

አሁን ስለ ቡላ። እባካችሁ ጉራጌ ሆኜ ቡላ እየሰደብኩ እንዳይመስላችሁ፤ ያደግኩበት ነው። ቡላ ማለት እንሰቱ ተፍቆ ሲጨመቅ የወጣው ውኃ ዘቅጦ ከሥር የሚቀረው ነጩ ነገር ነው። ስታርች ነው፤ ጉልበት ይሰጣል፣ ለሆድ ይለሰልሳል፣ ለአራስም ይስማማል። በ100 ግራም ውስጥ ግን ፕሮቲኑ 1 ግራም ለመሙላት እንኳ ይቸገራል። ቆጮውም ከ1 እስከ 2 ግራም ቢሆን ነው። የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ገደማ አለው። ልዩነቱን እናንተው አስሉት።

"ለአጥንት ነው" የሚሉም አሉ። ሲጀመር ለተሰበረ አጥንት ይበላል የሚባለው እንደ አስታራ ያለ የታወቀ የእንሰት ዓይነት ነው። የሚበላውም አሚቾው (የእንሰቱ ሥር) ነው፣ ተቀቅሎ፣ ከወተት ጋር። አያቶቻችን ወተቱን አልረሱም። ቪዲዮ የሚሠራው ልጅ ግን አሚቾውን በቡላ ቀየረ፣ ወተቱን ጣለ፣ ከላይ ስኳር ነሰነሰበት።

በሌላ በኩል ደግሞ "ቆጮ ባዶ ነው፣ ተውት፣ ኦትስ ግዙ" የሚሉ ተነስተዋል። እነዚህንም አልወዳቸውም። እንሰት በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው ያበላል፤ ዝናብ ሲቀርም ቆሞ ይጠብቃል። ቆጮ ካልሲየምም አለው። ደግሞ "ጊዜ የለኝም" ለምትል እናት ከቆጮ የፈጠነ ምግብ የት ይገኛል? ፍቀቱ፣ ጭምቀቱ፣ ማብላላቱ ወራት በፊት አልቆ ጉድጓድ ውስጥ ቅጠል ለብሶ ይጠብቃታል። አውጥታ፣ ጨምቃ፣ ቃጫውን ከትፋ ምጣድ ላይ መጣል ነው። ችግሩ ቆጮው አጠገብ ምንም አለመቀመጡ ነው።

እንግዲህ ከጉንችሬ ገበያ ደክሟት ገብታ፣ ሦስት ልጅ "እማ ራበኝ" ለሚላት ሴት የምነግራትን ልዘርዝር።

1. ሽሮ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሽሮው የአተር፣ የሽምብራ ወይም የባቄላ ይሁን፤ በርበሬው ለልጅ ይቀነስ። የማታው ሽሮ ጧት ለቆጮ ፍርፍር ይሆናል። ቁርስ ማለት ሻይ በዳቦ ነው ያለን ማነው? ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የእህሉንና የጎመኑን ብረት ይይዝና ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ሕፃን ሻይ ምን ያደርግለታል? ትልቁም ቢሆን ከበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠጣ።

2. ጎመን። ከጓሮ ነው፣ ዋጋ የለውም። ደቆ ይከተፍ፣ ቶሎ ይውረድ፣ የተቀቀለበት ውኃ አይደፋ። አይብ ካለ አይብ ጣል ይደረግበት። የጎመን ክትፎ ስንበላ ያደግን ሰዎች ይህን ከሲስተር መስማታችን ራሱ ያሳፍራል። የልጁ ድርሻ ሚጥሚጣው ሳይገባ ይቀነስለት፣ አለቀ።

3. ንፍሮ። ቦሎቄው ወይም ባቄላው ማታ ይዘፍዘፍ፤ ያልተዘፈዘፈ ቦሎቄ ማገዶ ይጨርስና "ጊዜ የለኝም" ያሰኛል። ከስንዴ ጋር ተቀቅሎ ለተማሪ በላስቲክ ይቋጠርለታል፤ ከብስኩት ይሻላል። ለታናሹ ተፈጭቶ ወይም ተዳምጦ ካልሆነ አይሰጥ፣ ያንቀዋል። አሚቾ ስትቀቅሉም ያንኑ ቦሎቄ አብሩበት፣ አንድ ድስት ይበቃችኋል።

4. እንቁላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው።

ጓሯችን ዶሮ አለ። እንቁላል ይጥላል። እናት እንቁላሉን በገለባ ጠቅልላ ገበያ ትወስደዋለች፣ ትሸጠዋለች፣ በብሩ ብስኩትና በፓኬት የሚሸጠውን ኑድል ገዝታ "ለልጆቼ" ብላ ትመለሳለች። በዓይኔ ያየሁት ነው፣ አንዴ አይደለም፣ መቶ ጊዜ። ሸጣ የመጣችውን በየትኛው ሱቅ ልታገኘው ነው? ሁሉንም አትሽጡ። ከአሥሩ ሦስቱን ለታናሹ አስቀሩለት፤ በሰባቱ ጨውና ጋዝ ግዙ።

አባወራዎችም አሉ እንግዲህ። ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ እቁብ እንጥላለን፤ ሴቶቻችንም የቅቤ እቁብ አላቸው። ለአንድ ሳምንት ክትፎ አሥራ ሁለት ወር መቆጠብ የሚችል ሕዝብ ለልጁ በሳምንት ሦስት እንቁላል አቃተው ቢሉኝ አላምንም። በሬውን አትረዱ አላልኩም! እኔም ለመስቀል አገሬ ገብቼ የምበላ ሰው ነኝ።

ጾም ነው የምትሉኝም አላችሁ። የሦስት ዓመት ልጅ አይጾምም። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ልጅ ጾም የሚጀምረው ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው፤ የሚጠራጠር ቄሱን ይጠይቅ። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው፤ እናቲቱ የምትሠራበት ድስት በእንቁላል እንዳይነካባት ነው። ለዚህ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለሕፃኑ ብቻ ለይታ ታስቀምጥ። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚበራ እናቶች አሉ፤ እስከዚያ ቀን ማንም አልነገራቸውማ።

ቁጥሩ የት ደረሰ? ይቅር።

የሕፃኑ ገንፎ። ቡላው ቤት ካለ ሁለት እጅ ቡላ፣ አንድ እጅ ተቆልቶ የተፈጨ የአተር ዱቄት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡት፣ አለበለዚያ ይጓጉላል። ወተት ካለ በወተት፣ ሊወርድ ሲል እንቁላል ተመትቶ ይግባና በደንብ ይብሰል። ከማንኪያ ላይ እንደ ውኃ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። የስምንት ወር ልጅ ሆድ ትንሽ ነው፤ በቀጭን አጥሚት ከተሞላ ምግቡ የት ይግባ? ጡቱ ደግሞ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ አይቋረጥ። የአተር ዱቄቱን በሳምንት አንድ ቀን ቆልታችሁ አስፈጭታችሁ አስቀምጡት። የሥራ ብዛት መድኃኒቱ እሱ ነው እንጂ ፓኬት አይደለም።

ጨው ሲወርድ ነው የሚጨመረው፣ አዮዲን ያለው። ይህን የማያውቅ የለም፣ ልለፈው።

አሁን ወደ አለቆቹ ልምጣ። ግድግዳችን ላይ የተመጣጠነ ምግብ ሥዕል ተለጥፏል። አፕል አለ። ወይን አለ። ብሮኮሊ የሚባል ጎመን የሚመስል ነገር አለ። ቆጮ የለም። ጎመን የለም። አንዲት እናት አንዴ "ይሄ ለከተማ ሰው ነው አይደል?" አለችኝ። ምን ልበላት? የእንሰት ሥዕል ያለበት ይታተምልን ብለን ስንጠይቅ ከላይ የመጣው መልስ "ዲዛይኑ የጸደቀ ነው" የሚል ነበር።

ሥልጠናውም ያው ነው። ሦስት ቀን ሆቴል አስቀምጠው ስለ ሕፃናት አመጋገብ ያስተምሩናል፤ ለሻይ ዕረፍት ብስኩትና ለስላሳ ያቀርቡልናል። ሣቄ መጥቶ በእጄ አፌን ያፈንኩበት ቀን አለ። ሠርቶ ማሳያ የተባለ ዕለት ደግሞ ካሮቱ፣ ዘይቱ፣ የዱቄት ወተቱ በመኪና ይመጣል። እናቶች ይሰበሰባሉ፣ ይበሰላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ መኪናው ይሄዳል። ሪፖርቱ ላይ "ስንት እናቶች ተማሩ" የሚል ሣጥን አለ። "ስንት ልጆች ትናንት እንቁላል በሉ" የሚል ሣጥን እስካሁን አልደረሰኝም።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን በ2030 (እ.ኤ.አ.) አጠፋለሁ ብሏል። ጥሩ ቃል ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገራዊ የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 38ቱ ቀንጭረው ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 37። አንድ። የ2008ቱ ጥናት ላይ የበለጠ የሚያመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ውስጥ በቂ የሚባለውን ዝቅተኛ አመጋገብ ያገኘው ከ100 ሰባቱ ብቻ ነው። በዓይነትም፣ በቀን ስንት ጊዜ በላ በሚለውም። ዘጠና ሦስቱ ሁሉ ድሃ ስለሆኑ ነው እንዳትሉኝ። ጓሮው ጎመን፣ ቆጡ ላይ ዶሮ፣ ጎተራው ውስጥ ባቄላ ያለበት ቤት ገብቼ ነው የምናገረው።

አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ልጃችሁ "ወፈረ" ብላችሁ ቪዲዮ ከመላካችሁ በፊት ሁለቱንም እግሮቹን እንዳልኳችሁ ተጫኗቸው። ጎድጉደው ከቀሩ ቤት ውስጥ እንቁላል ማብላት አትጀምሩ፣ ጎረቤትም አትጠይቁ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። የክንድ መለኪያው አረንጓዴ ቢያሳይ እንኳ አትመኑት፣ እብጠት ክንድንም ያወፍራል። የሚሰጣችሁ ፕላምፒ ነት የሚባለው በፓኬት የታሸገ ምግብም የሱ መድኃኒት ነው፤ ለታላላቆቹ አይካፈልም፣ ገበያም አይወጣም። (ገበያ ላይ ያየሁትን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ ዛሬ ደሜ ከፍ ብሏል።)

የዛሬው ልጅ የምግብ ፍላጎት ፈተናውን አለፈ፣ ሌላ የሚያሰጋ ምልክትም አላገኘንበትም። ፓኬቱ ተቀዶ ሲሰጠው ሙልጭ አድርጎ ላሰው፣ ከዚያ እስክሪብቶዬን ሊቀማኝ እጁን ዘረጋ። እናቱ ስታየው አለቀሰች። በየሳምንቱ ልታመጣው ተስማምተን ከበር ደርሳ ተመለሰችና፣ "ሲስተር፣ ያ ሁሉ ቡላ ቤት ተቀምጧል፤ ልጣለው?" አለችኝ።

"ለምን ትጥዪዋለሽ? ለአባቱ አገንፊለት" አልኳት። "ዶሮዋ ነገ የምትጥለው ግን ገበያ እንዳይወጣ።"