ድምፅ አለ፣ ክሎሪን የለም፦ በውኃ ኃይል የሚሠራው የኬሚካል መመጠኛ ፓምፕና የቁሓ ውኃ

ክሎሪን የተጨመረበት ውኃና ያልተጨመረበት ውኃ በዓይን አይለዩም። ክሎሪን የሚጨምረው መሣሪያ ሲበላሽ ቧንቧው እንደ ወትሮው ይፈሳል፣ ሮቶው ይሞላል፣ ሰውም ይጠጣል፤ ብልሽቱ የሚታወቀው ሰው ሲታመም ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው መሣሪያ ደግሞ ይህን አደጋ የሚያባብስ ጠባይ አለው። በውኃ ኃይል የሚሠራው የኬሚካል መመጠኛ ፓምፕ ኬሚካሉን መሳብ ካቆመ በኋላም «ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ እንደ ጤነኛ ሊቀጥል ይችላል። ድምፁን ሰምቶ «ይሠራል» የሚል ጠባቂ የሰማው የመሣሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ግማሽ ማለታችን በምክንያት ነው። መሣሪያው ሁለት ክፍሎች አሉት። የላይኛው ክፍል ሞተሩ ሲሆን፣ ሞተር ስንል ግን ሽቦም ነዳጅም የለውም። በመስመሩ የሚመጣው ውኃ ወደ አካሉ ገብቶ ፒስተኑን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በስፕሪንግ የሚገለበጡ ትንንሽ ቫልቮች አቅጣጫቸውን በቅጽበት ይለውጡና ያው ውኃ ፒስተኑን ወደ ታች ይመልሰዋል። የምንሰማው ጠቅታ የእነዚህ ቫልቮች መገልበጥ ነው። የታችኛው ክፍል መጣኙ ነው። ከዋናው ፒስተን ጋር የተያያዘ ቀጭን ዘንግ አብሮ እየወጣና እየወረደ፣ ከበርሜል በቱቦ የተሳበውን ኬሚካል ወደሚያልፈው ውኃ ይጨምራል። ኬሚካሉ እንዳይመለስ የሚያግደው አንዲት ትንሽ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ናት።

ይህን ዓይነት ፓምፕ በዓለም ካሳወቁት ስሞች አንዱ በ1974 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ በቦርዶ አካባቢ የተመሠረተው ዶሳትሮን ነው። ዲ25 የተባለውን የታወቀ ሞዴሉን ለስሌታችን እንውሰድ። ከ0.3 እስከ 6 ባር በሆነ ግፊት ይሠራል፤ በሰዓት እስከ 2.5 ሜትር ኩብ ውኃ ያሳልፋል፤ ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ ሲመለስ፣ ማለትም በሁለት ጠቅታ፣ 0.45 ሊትር ገደማ ውኃ ያልፋል። የግፊቱን ዝቅተኛ ወሰን ልብ እንበል፤ 0.3 ባር ማለት 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት ነው። መጠኑም ከፍሰቱ ጋር አብሮ ይጨምራል፣ አብሮም ይቀንሳል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም በቆየው ጦርነት በትግራይ ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜያት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ጉድጓዱ በጄኔሬተር ወይም በፀሐይ ኃይል ለጥቂት ሰዓታት ብቻ በሚሳብበት ሁኔታ፣ ውኃ ሲመጣ የሚነሣና ውኃ ሲቆም የሚቆም መጣኝ ትልቅ ጥቅም አለው።

እንግዲህ ፓምፑ ተጠርጥሯል እንበል። ብዙ ሰው ወዲያው መፍታት ይቀናዋል። በእኛ አስተያየት ግን መፍቻ ከመነሣቱ በፊት አንድ ሙከራ መደረግ አለበት። የመሳቢያውን ቱቦ ከኬሚካሉ በርሜል አውጥተን በንጹሕ ውኃ ካጠብነው በኋላ፣ 100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ በያዘ የቤተ ሙከራ መለኪያ ሲሊንደር ውስጥ እናስገባለን። ቱቦው በውኃ መሙላቱን አይተን፣ የሲሊንደሩን ውኃ እንደገና 100 ላይ እናደርሳለን፤ ከዚያም 20 ጠቅታ እንቆጥራለን። ሃያ ጠቅታ 10 ዙር ነው፤ 4.5 ሊትር ውኃ አልፏል ማለት ነው። መጣኙ 1 በመቶ ላይ ከተስተካከለ ከሲሊንደሩ 45 ሚሊ ሊትር መጉደል አለበት። ከ45 እጅግ ያነሰ ከጎደለ ሕመሙ ከታች ነው። ጠቅታው ራሱ ከሌለ ሕመሙ ከላይ ነው። በሲሊንደሩ ያለው ውኃ ከመጉደል ይልቅ ከጨመረ ደግሞ፣ የአንድ አቅጣጫ ቫልቯ ቆሽሻለች፣ አልቃለች ወይም በስህተት ተገጥማለች።

በላይኛው ክፍል ብዙ አንቆይም። ውኃ እያለፈ ፒስተኑ ዝም ካለ፣ በመጀመሪያ በአናቱ ያለውን የአየር ማስወጫ ተጭኖ የታፈነውን አየር ማስወጣት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃል። ቀጥሎ በአካሉ ላይ ያለው ቀስት ከውኃው አቅጣጫ ጋር መግጠሙ ይታያል። በ15 ሰከንድ ከ46 በላይ ጠቅታ ከተቆጠረ ፓምፑ ከአቅሙ በላይ ውኃ እየተላከበት ነው፤ እንዲህ የተጨነቀ ፓምፕ ልኩን ይስታል፣ ቫልቮቹንም ይሰብራል። አሸዋ ከፊቱ 60 ማይክሮን የሚያጣራ ማጣሪያ ከሌለ ፒስተኑን ይፍቀዋል፤ የተፋቀ አካል ደግሞ በመለወጥ እንጂ በመጠገን አይድንም።

አብዛኛው ችግር ያለው ከታች ነው። በቱቦው ውስጥ ትንንሽ አረፋዎች ሲሄዱ ከታዩ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ወይም የላላ መጋጠሚያ አለ። የደረቀውን የቱቦ ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ መልሶ ማጥበቅ ከሁሉ የሚቀልና ብዙ ጊዜ የሚሳካ ጥገና ነው። እዚህ ላይ ከፍታችንን መርሳት የለብንም። ቁሓና መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ይጎድላል። ፈሳሽን በቱቦ ወደ ላይ የሚያወጣው ያው የውጭ አየር ግፊት በመሆኑ፣ በባሕር ጠለል በንድፈ ሐሳብ 10.3 ሜትር የሚደርሰው የመሳብ ከፍታ እዚህ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። እውነተኛው ፓምፕ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ በርሜሉ ከፓምፑ ሥር በቅርቡ ይቀመጥ። ከፓምፑ በላይ ማስቀመጥ ግን አይገባም፤ ኬሚካሉ በራሱ ክብደት ሳይመጠን ሊወርድ ይችላል።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። በቁሓ አቅራቢያ ያለው የአይናለም የጉድጓዶች ሜዳ ለመቀሌ ከተማ ለብዙ ዓመታት ዋና የውኃ ምንጭ ሆኖ አገልግሏል። በአካባቢው ከምድር በታች ያለው ዐለት በአብዛኛው የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ፣ የአጉላዕ ሼል፣ እንዲሁም በእነዚህ መካከል ሰርጎ የገባው ዶለራይት ነው። መሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካም በመቀሌ የተተከለው ይህ የኖራ ድንጋይ በቅርብ ስለሚገኝ ነው። በእንዲህ ያለ ዐለት ውስጥ የሚያልፍ ውኃ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ያሟሟል፤ ጂፕሰም ካለበት ሼል ሲያልፍ ደግሞ ሰልፌት ይጨምራል። ሳሙና አረፋ እንዳያወጣ የሚያደርገውና በማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው ይህ ነው።

በማንቆርቆሪያው ቅርፊቱን የሚፈጥረው ሙቀት ነው። በመጣኙ ውስጥ ግን እሳት የለም፤ ታዲያ ቅርፊቱ ከየት ይመጣል? መልሱ ከክሎሪኑ ነው። በረኪናም ሆነ የክሎሪን ዱቄት በውኃ ሲሟሟ ጠንካራ ቤዝ ይሆናል። ይህ ቤዝ ከጠንካራው ውኃ ጋር በተገናኘበት ቅጽበት ባይካርቦኔቱን ወደ ካርቦኔት ይለውጠዋል፤ ካርቦኔቱም ካልሲየሙን ይዞ የማይሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይረጋል። ምድር ውስጥ የሟሟው የኖራ ድንጋይ በፓምፑ ውስጥ እንደገና ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ፈሳሾች የሚገናኙት ደግሞ በዘንጉ የጎማ ቀለበትና በአንድ አቅጣጫዋ ቫልቭ አጠገብ ስለሆነ፣ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ቅርፊት ቫልቯ እንዳትዘጋ ትበቃለች። ሞተሩ ይህን አያውቅም፤ ጠቅ ማለቱን ይቀጥላል።

ማጽጃው በየሱቁ ይገኛል፤ አቼቶ ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ የሕይወት ጉዳይ ነው። በረኪና ወይም የክሎሪን ሙሙት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አቼቶም አሲድ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ መስመሩን ዘግተን ግፊቱን እናስተነፍሳለን፤ ጓንትና መነጽር አድርገን መጣኙን እንፈታለን፤ እያንዳንዱን ክፍል፣ ቱቦውን ጨምሮ፣ በብዙ ንጹሕ ውኃ እናጥባለን። የክሎሪን ሽታው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ብቻ፣ ከበርሜሉ ርቀን፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ክፍሎቹን በአቼቶ እንዘፈዝፋለን። አረፋ ሲወጣ ካርቦኔቱ እየሟሟ ነው፤ በጂኦሎጂ ትምህርት በኖራ ድንጋይ ላይ አሲድ ጠብ አድርገን የምናየው ያው አረፋ ነው። አረፋው ሲያቆም እንደገና በውኃ ማጠብ እንዳይረሳ፤ አቼቶ የያዘ መጣኝ ወደ ክሎሪን ከተመለሰ ያው አደጋ ይደገማል።

አረፋ የማያወጣና የማይሟሟ ቅርፊት ካጋጠመ ምናልባት ጂፕሰም ነው። ጂፕሰም በአቼቶ አይበገርም። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ2 ግራም በላይ ስለሚሟሟ በሚፈስ ውኃ ውስጥ በቀላሉ አይረጋም፤ የሚረጋው ውኃው በፓምፑ ውስጥ ተኝቶ ሲደርቅ ነው። ለሳምንታት የሚቆም ፓምፕ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ውኃው ተንጠፍጥፎ መቀመጥ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። የጎማ ቀለበቶቹን የሞተር ግሪስ መቀባትም አይበጅም፤ አንዳንዱን የጎማ ዓይነት ያሳብጠዋል። ቀለበቶቹ በዓመት አንዴ ቢለወጡ መልካም ነው፤ ሲገዙም ለክሎሪን የሚስማማው ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቅርፊቱን ከበርሜሉ ጀምሮ መቀነስም ይቻላል። ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ለመጨመር ብንፈልግና መጣኙ 1 በመቶ ላይ ቢሆን፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ሙሙት በሊትር 200 ሚሊ ግራም መያዝ አለበት። ለ100 ሊትር 20 ግራም ክሎሪን፣ ማለትም 70 በመቶ ክሎሪን ካለው ዱቄት 29 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ይህም 10 ሜትር ኩብ ውኃ ያክማል። ዱቄቱ በጠንካራ ውኃ ሲበጠበጥ ግን ሙሙቱ ወተት ይመስላል፤ ያ ወተት የሚመስለው ነገር ሊጋገር የተዘጋጀ ቅርፊት ነው። በሌላ ዕቃ በጥብጦ ማሳደር፣ ጠዋት የጠራውን ብቻ ወደ በርሜሉ መገልበጥ፣ የመሳቢያውንም ወንፊት ከበርሜሉ ወለል አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ማንጠልጠል ያሻል። የተገጣጠመው ፓምፕ በሲሊንደሩ 45 ሚሊ ሊትር ካጎደለ በኋላ ክሎሪኑ የሚለካው ከሩቁ ቦኖ በተቀዳ ውኃ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በማደያ ቦታ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ነፃ ክሎሪን እንዲቀር ይመክራል።